«ቪዚቲንግ»፦ መጎብኘት ወይስ መጠየቅ?

ጥያቄ፦ አንኮበር ላይ የውጭ አገር እንግዶችን አስጎበኛለሁ። «ቪዚቲንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለታሪካዊ ቦታም፣ ለታመመ ዘመድም፣ ለመምህርም ሲሉት እሰማለሁ። በምን ልለየው?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ያዳምጡ። ቦታ ከተከተለው መጎብኘት ነው፤ «ቪዚቲንግ መንዝ ጓሳ» እንደሚሉት። ሰው ከተከተለው መጠየቅ ነው። «አይ አም ቪዚቲንግ ማይ አንት» ያለዎት እንግዳ አክስቱን ሊጠይቅ መጥቷል፤ «አክስቴን ልጎበኝ» ብለው ቢያስተረጉሙለት የአገሬው ሰው ግር ይለዋል። ሆስፒታል በር ላይ የሚለጠፈው «ቪዚቲንግ አወርስ»ም የሕመምተኛ መጠየቂያ ሰዓት ነው። «ቪዚቲንግ ሌክቸረር» ሲባል ደግሞ ከሌላ ተቋም ለተወሰነ ጊዜ የመጣ መምህር ነው፤ በኳስም «ቪዚቲንግ ቲም» ከሜዳው ውጭ የሚጫወተው ቡድን ነው።

ለአስጎብኚ ትልቁ እንቅፋት «ቱ» ናት። «ዌንት ቱ አንኮበር» ትክክል ስለሆነ ብዙዎች «ቪዚትድ ቱ አንኮበር» ይላሉ፤ ስህተት ነው። ግስ ሲሆን «ዊ ቪዚትድ አንኮበር» ይበሉ፣ ያለ «ቱ»። ስም ሲሆን ግን «ቱ» የግድ ነው፦ «አወር ቪዚት ቱ አንኮበር»። ሁለቱን ጮክ ብለው እያፈራረቁ ቢደጋግሟቸው አፍዎ ቶሎ ይለምዳል።

አሜሪካውያን «ቪዚት ዊዝ» ካሉ ብዙውን ጊዜ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ማለታቸው ነው። ለቅሶ ለመድረስ ሲሄዱ ግን «ቪዚት» ብቻውን ሐዘኑን አይገልጽም፤ «ኦፈር ማይ ኮንዶለንስስ» ይበሉ።