ሥዕል መሣል ከጸሎት ያርቀኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ጸሎት ስጀምርም ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። ሐኪም ቤት ሄጄ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። እዚያ ያለች ነርስ «እጅሽን የሚያፍታታ ነገር ሞክሪ» ስትለኝ ቀለምና ወረቀት ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል እየሄድኩ ዛፍና ወፍ እሥላለሁ። እውነት ለመናገር ቀለል ይለኛል። ታላቅ እኅቴ ግን «በዚህ ጊዜሽን ከምታባክኚ ዳዊት አትደግሚም?» ትለኛለች። ኃጢአት ነው እንዴ? የእመቤታችንንም ሥዕል ሞክሬ ነበር። እፊቱ ቆሜ መጸለይ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማርልን። አንቺንም ያጽናሽ።

ኃጢአት አይደለም። ታላቅ እኅትሽም ክፉ አስባ አይደለም፤ ዳዊት መድገም መልካም ነው። ግን ዳዊት ራሱ ለተጨነቀ ሰው ምን አደረገ? ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው በገናውን ይዞ ደረደረለት፤ ሳኦልም ያርፍና ይሻለው ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። መከረው ወይም ገሠጸው አይልም። ደረደረለት ነው የሚለው። ባስልኤልንም አስቢ። እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ነቢይ ስለሆነ አልነበረም። ወርቅ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለእጅ ነበር (ዘጸ. 31)።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለሰማነው ግን እናልፈዋለን። ገድሉ እንደሚነግረን ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ቅጣቱም መርሮት ሸሸ። ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ትል ግንዱን ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይወጣል። ያሬድ ያን ጊዜ መጽሐፍም አላነበበም፣ ስብከትም አልሰማም። ዝም ብሎ አየ። ተስፋ የቆረጠ ልጅ ትሉ ፍሬው ጋ እስኪደርስ ድረስ ዐይኑን አልነቀለም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ጌታም «የሜዳ አበቦች እንዴት እንዲያድጉ ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ» ብሎናል። ልብ አድርጎ ማየት ደግሞ ለሚሥል ሰው ግድ ነው። የወፏን ክንፍ ስትሥዪ ላባው ከየት ተነሥቶ የቱ ላይ እንደተደረበ፣ ጫፉ ላይ ቀለሙ እንዴት እንደሚደበዝዝ ታያለሽ። ያን ስታዪ ሐዘንሽ ትንሽ ፋታ ይሰጥሻል። አይጠፋም፤ ፋታ ግን ይሰጣል። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም፣ ኤግዚቢሽን አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥዕሉ መድኃኒቱን አይተካም። ጸበል ብትጠመቂም ሐኪምሽን ሳታማክሪ ኪኒኑን አታቋርጪ። በጸበል ስም የሰው መድኃኒት የሚያስጥሉ ሰዎች፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያናድዱኛል።

ጸሎቱን ደግሞ እንዲህ ሞክሪው። መዝሙር 103ን (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 104 ነው) ክፈቺ። ምንጩ፣ በቅርንጫፍ መካከል የሚጮኹት ወፎች፣ በድንጋይ ሥር የሚሸሸገው ሽኮኮ፣ በሌሊት የሚያገሣው አንበሳ ሁሉም እዚያ አሉ። ሙሉውን መድገም ካቃተሽ ሁለት ሦስት ቍጥር ይበቃል። ከዚያ ካነበብሽው አንዱን ሣዪ። ጉለሌ ከራቀሽ የደብርሽ ግቢ ጽድና ወይራ አለ። እኅትሽንም አንድ ቅዳሜ ይዘሻት ሂጂ፤ አንቺ ስትሥዪ እሷ ዳዊቷን ትድገም።

የእመቤታችን ሥዕል ግን ሌላ ነው። ወፉን እንደ ፈለግሽ ትሥያለሽ፤ ቅዱሳት ሥዕላት ሥርዓት አላቸው። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» (ከተወደደ ልጇ ጋር) በሚባለው ሥዕል እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ ከውስጥ ቀይ ለብሳ፣ ከላይ ሰማያዊ ተጐናጽፋ ነው የምትታየው። በጥንቱ አሣሣላችን ቅዱሳን ሁለቱም ዐይናቸው ይታያል፤ ከሓዲው በአንድ ዐይን፣ በጎን ይሣላል። ይህ ሁሉ ትምህርት አለው። ስለዚህ የሣልሽውን ለንስሐ አባትሽ አሳዪያቸው። ሥርዓቱን ከጠበቀና ከተባረከ እፊቱ ትጸልያለሽ። የሚስተካከል ካለው እሳቸው ይነግሩሻል። እስከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ወፎቹን ሳሎን ስቀዪ።