ፈረስ ሳዪው የሳለው ቡጢኛ

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍሉ፣ ቦክስ በጣም ነው የምወደው። ሰሞኑን ለንደን ቴት ጋለሪ ያለ የአንድ ሥዕል ፎቶ አየሁ፣ “ጄምስ ቤልቸር፣ የእንግሊዝ የባዶ እጅ ቡጢ ሻምፒዮን” ይላል፣ 1803 ገደማ የተሳለ ነው። ሰዓሊው ቤንጃሚን ማርሻል ግን የሚታወቀው በፈረስ ሥዕል ነው አሉኝ። ፈረስ የሚስል ሰው ከቦክሰኛ ጋር ምን አገናኘው? ሰውየውስ ማን ነበር?

መልስ፦ ያገናኛቸው ውርርድ ነው ወዳጄ። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ በፈረስ እሽቅድምድም ብር የሚያስይዘው ባለ ርስት ቡጢም ላይ ያስይዝ ነበር፣ ለቡጢኛው ስፖንሰር የሚሆነውም እሱ፣ የወደደውን ፈረስም ሆነ ሻምፒዮን የሚያስለውም እሱ። ማርሻል እንዳውም ለፈረሱ ሥዕል 50 ጊኒ (የያኔው የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) የሚከፍል ሰው ለሚስቱ ሥዕል 10 ሲሉት በዛ ይላል ብሏል ይባላል፣ ስለዚህ ገበያው የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው።

ቤልቸር በ1781 ብሪስቶል ነው የተወለደው፣ የሥጋ ሻጭነት ሙያ ነበረው፣ አያቱ ጃክ ስላክም በዘመኑ ሻምፒዮን ነበር። ልጁ 19 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሻምፒዮን ሆነ፣ ፍጥነቱ ነው ያስገረማቸው። አንገቱ ላይ የሚያስረው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ መሐረብ እንኳን ፋሽን ሆኖ በሱ ስም “ቤልቸር” ተባለ፣ እስከዛሬ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ።

ባዶ እጅ ሲባል ቀላል እንዳይመስልህ። በ1743 በወጣው የብሮተን ሕግ ዙር የሚያልቀው በሰዓት ሳይሆን አንዱ ሲወድቅ ነው፣ ከዛ ግማሽ ደቂቃ አላቸው፣ ተነስቶ መሃል መስመሩ ጋ ካልቆመ ተሸነፈ። ጓንት ስለሌለ ደግሞ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ቡጢ የሚሰብረው የተመታውን ብቻ አይደለም፣ የመቺውም የእጅ አጥንት ቀጭን ነው፣ እና እጁ አንዴ ካበጠ እሱኑ ይዞ ነው የሚጨርሰው።

አሁን 1803 የሚለውን ቁጥር ልብ በልልኝ፣ እኔን ሥዕሉ ላይ የሚያስቆመኝ እሱ ነው። በዛው ዓመት ቤልቸር ራኬት ሲጫወት (ከግድግዳ የሚመለስ ኳስ ያለበት ጨዋታ ነው) ኳሷ ዓይኑን መታችውና አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሪንግ ውስጥ ያን ሁሉ ቡጢ ችሎ በጨዋታ ኳስ! ለቦክሰኛ ርቀት የሚለካው በሁለት ዓይን ነው፣ በአንድ ሲሆን የሰነዘርከው ይጎድላል፣ በጠፋው በኩል የሚመጣውን ደግሞ የምታውቀው ካረፈብህ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ተመለሰ። በ1805 የብሪስቶሉ ልጅ ሄን ፒርስ አሸነፈው፣ በ1807 ከሌላው ቡጢኛ ከቶም ክሪብ ጋር 41 ዙር ሄደ፣ መጀመሪያ እየመራ ነበር ግን እጁ ተጎዳበትና ተሸነፈ፣ በ1809 ደግሞ ሞከረ፣ ያኔም ክሪብ አሸነፈው።

ማርሻል የሳለው ሰው ታዲያ 22 ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። በ1811 ሲሞት 30 ነበር።