ለሁሉም የሚመች ወጥ ቤት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ቀድሞ ከእኔ ይልቅ ምግብ ማብሰል የሚወደው እሱ ነበር፤ አሁን ግን በወጥ ቤቱ በር ማለፍ እንኳ ይቸግረዋል። ቤቱን ለማደስ ስንነሣ አናጺው ካውንተሩን በሙሉ ዝቅ እንድናደርገው መከረን። እኔ ደግሞ ረጅም ነኝ፤ ወገቤንም ያመኛል። አንዳችን እንዲመቸን ሌላችን የግድ መጎዳት አለብን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። አናጺው በቅንነት የሰጣችሁ ምክር ችግሩን ከባለቤትዎ ወደ እርስዎ ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም። በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ የተለያየ ከፍታ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት መሥሪያ ቦታዎች ቢኖሩ ግን ሁለታችሁም ጎን ለጎን ልትሠሩ ትችላላችሁ።

ከካውንተሩ በፊት ወለሉን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ወጥ ቤት ሲያድስ የሚጀምረው ከካቢኔቱ ቀለምና ከድንጋዩ ዓይነት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ወጥ ቤቱ ለዊልቸር ተጠቃሚ መመቸቱና አለመመቸቱ የሚወሰነው ባዶ በሚተወው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት ዊልቸር ዞሮ ለመመለስ ዲያሜትሩ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቦታ እንደሚያስፈልገው፣ በርም ተከፍቶ ቢያንስ 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ማሳለፍ እንዳለበት ይደነግጋል። ክፍላችሁ ጠባብ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። ከካውንተሩ ሥር ካቢኔት ሳይደረግበት ክፍት የሚተወው ቦታ በከፊል ለመዞሪያነት ያገለግላል፤ የዊልቸሩ የእግር ማሳረፊያ በዚያ ሥር ገብቶ ስለሚዞር ግድግዳውን ሳትነኩ ቦታ ታገኛላችሁ።

ወደ ከፍታው ስንመለስ፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለእርስዎ ከዚያ ጥቂት ከፍ ቢል ወገብዎን ያሳርፈዋል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው መስፈርቱ የሚፈቅደው የላይኛው ወሰን 86.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከሥሩ ደግሞ ቢያንስ 68.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጉልበት ማስገቢያ ሊኖር ይገባል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ የባለቤትዎ ልክ አይደሉም፤ በቢላዋ ሲከትፉ ክንድ ወደ ታች መጫን ስላለበት ብዙዎች ከወሰኑ ዝቅ ያለውን ይመርጣሉ። ስለዚህ አናጺው አንዲት ጣውላ ከመቁረጡ በፊት ባለቤትዎ በዊልቸሩ ላይ እንዳለ ሰፊ ሳንቃ በድጋፍ ላይ ያስቀምጡለትና እውነተኛ ሥራ ይሥራበት። ሳንቃውን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ትከሻው ወደ ላይ የማይነሣበትን፣ ጉልበቱም ከሥር የማይነካበትን ከፍታ ፈልጉ፤ ያንን ልክ ለአናጺው ስጡት።

የዕቃ ማጠቢያው ሲንክ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥልቅ ሲንክ ጉልበት ስለሚከለክል 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውን፣ የውሃ ማስወገጃ ቀዳዳውም ወደ ኋላ የተጠጋውን ምረጡ። ከሥሩ የሚያልፉት ቧንቧዎች በማይሞቅ ነገር ይሸፈኑ። ይህ ለውበት የሚደረግ አይደለም፤ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት ሰው እግሩ ላይ ስሜት ላይኖረው ስለሚችል፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ቆዳውን እየላጠው እንኳ ላያውቅ ይችላል። የባለቤትዎ ጉዳት የዚህ ዓይነት ከሆነ ይህን ሥራ ለነገ አታሳድሩት።

ምድጃውና ሲንኩ በአንድ ከፍታ ላይ ባለ፣ ባልተቆራረጠ ካውንተር ይገናኙ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው መንኰራኵሩን የሚገፋው በሁለት እጁ ነው፤ የፈላ ድስት ይዞ መሄድ ካለበት ያለው አማራጭ ጭኑ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ካውንተሩ ከተያያዘ ግን ድስቱን ሳያነሣ እያንሸራተተ ሲንኩ ጋ ያደርሰዋል። የምድጃው ማብሪያና ማጥፊያ ከፊት ለፊት ይሁን፤ ከኋላ ያለውን ለመንካት እጅን በእሳት ላይ ማሳለፍ አደገኛ ነው። ኦቭን የምትገዙ ከሆነ በሩ ወደ ጎን የሚከፈተውን እመርጥላችኋለሁ፤ ወደ ታች የሚወርደው በር ዊልቸሩን ስለሚያርቀው የጋለውን ትሪ ክንድን ዘርግቶ ማውጣት ግድ ይሆናል። መደርደሪያዎችን በተመለከተ፣ ተቀምጦ ያለ ሰው ያለ እንቅፋት የሚደርስበት ከወለል ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ያለው ቦታ ስለሆነ የዕለት ተዕለት ዕቃዎች እዚያ ውስጥ ይኑሩ። ከታች ካሉት ባለ በር ካቢኔቶች ይልቅ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ የሚወጡ መሳቢያዎች ለእርስዎም ወገብ ይበጃሉ።

«ዩኒቨርሳል ዲዛይን» (ለሁሉም የሚመች ንድፍ) የሚለውን አስተሳሰብ ያስተዋወቀው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ራሱ በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በዊልቸር ይንቀሳቀስ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካወጧቸው ሰባት መርሆች የመጀመሪያው፣ ንድፉ የተለያየ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በእኩልነት የሚያገለግል ይሁን የሚል ነው። የባለቤትዎ መሥሪያ በአንድ ጥግ ተነጥሎ የተሠራ «የሕመምተኛ ማዕዘን» እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው፤ ጥላና ብርሃን ትለያለች፣ ጽሑፍ ግን አታነብም። ዘመናዊ ኢንዳክሽን ምድጃ ልገዛላት አስቤያለሁ። ይመቻታል?

መልስ፦ ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ድስቱን በቀጥታ በመሆኑ እሳት የለውም፤ ድስቱ ሲነሣም ማሞቁን ያቆማል። ይሁንና ድስቱ ያረፈበት መስታወት ከድስቱ የወሰደውን ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለስላሳ መስታወት በጣት በመንካት ስለሆነ፣ ለማያይ ጣት የሚዳሰስ አንዳች ምልክት የላቸውም። ስለዚህ የሚዞር ቁልፍ ያለውን፣ በየደረጃው «ቀጭ» የሚለውን ፈልገው ይግዙላት፤ «ጠፍቷል» በሚለው ቦታ ላይም ከፍ ያለ ነጥብ ይለጥፉበት።

ቀሪ የማየት አቅሟን የሚያግዘው የቀለም ልዩነት ነው። ነጭ ሳህን በነጭ ካውንተር ላይ ይጠፋባታል፤ የካውንተሩ ጠርዝ ከላዩ በተለየ ቀለም ቢሠራ ግን ዕቃውን ከአፋፍ ላይ አታስቀምጠውም። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መክተፊያ ይኑራት፤ ነጩን ነገር በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በነጩ ላይ ትከትፋለች። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ብርሃን እየመለሰ ያጭበረብራል፤ ደብዘዝ ያለው ይሻላል። አምፖሉን በጣሪያው መሐል ብቻ ካደረጉት እናትዎ በራሷ ጥላ ውስጥ ትሠራለችና ከላይኛው ካቢኔት ሥር መብራት ይጨምሩ። የካቢኔት በር ተከፍቶ ሲቀር ግንባር ይመታል፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት በር ይህን ያስቀራል። ከሁሉም በላይ፣ ከእሷ ጋር ሳትመካከሩ የዕቃዎቿን ቦታ አትለውጡ፤ የምታገኛቸው በማስታወስ ነውና።

ጥያቄ፦ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም አለብኝ። የምኖረው በኪራይ ቤት ስለሆነ ማፍረስና መገንባት አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ ቀላል መለኪያ ልስጥዎ፤ ማንኛውንም ነገር እጅዎን ጨብጠው ለመክፈት ይሞክሩ። በጡጫ የሚከፈት ከሆነ ይመችዎታል። ክብ የመሳቢያ እጀታ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ጣት ሙሉ በሙሉ የሚያስገባ ቅስት እጀታ ያልፋል፤ አሮጌውን ፈተው ስለሚያስቀምጡት ቤቱን ሲለቁ ይመልሱታል። የሚጠመዘዘውን ቧንቧ ማንሻ ባለው መለወጥ ለባለሙያ የአጭር ጊዜ ሥራ ስለሆነ አከራይዎን ያስፈቅዱ።

ቀጭን እጀታ ያላቸውን ቢላዋና ማንኪያ በስፖንጅ ጠቅልለው ያወፍሩ። ኦክሶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረቡት ወፍራም እጀታ ያላቸው የወጥ ቤት ዕቃዎች መነሻቸው ይኸው ችግር ነበር፤ ሳም ፋርበር የተባለው ነጋዴ ባለቤቱ በአርትራይተስ ምክንያት ልጣጭ መላጫ መያዝ ሲያቅታት አይቶ ነው የጀመራቸው። ከባድ ዕቃዎችን ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ላይ ያኑሩ። ውሃ የሞላ ድስት ከሲንክ ወደ ምድጃ አይሸከሙ፤ ባዶውን ድስት መጀመሪያ ምድጃው ላይ አስቀምጠው በትንሽ ጆግ እየመላለሱ ይሙሉት፤ የተቀቀለውንም ድስቱን ሳያነሡ በጭልፋ ያውጡ።