የአባትሽን ሥዕል ስካን ከማስደረግሽ በፊት ይቺን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ ትተውት የሄዱት ሥዕል አለ። ብዙው ወረቀት ላይ በእርሳስና በቀለም የተሠራ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ብራና። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ስካን ላስደርገው ወይ፣ ስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ) ይሁን፣ ከዚያስ እንዴት ላጽዳው ነው ያልሽው። ለሙት ዓመታቸው የሚታደል መጽሐፍ ልታሳትሙ አስባችሁ መሆን አለበት። እኛም ቤት ነገሩ የተጀመረው በዚሁ ነው። ስለዚህ ስካነር ምንድን ነው እያልኩ ጊዜሽን አልበላም።

ሰው ሁሉ ዲፒአይ ስንት ይሁን እያለ ይጨነቃል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ አይደለም። ሥዕል የሚበላሸው ስካን ሲደረግ አብሮ ሲጸዳ ነው። መጀመሪያ እንዳለ ይነሳ፣ ከነቢጫው፣ ከነእድፉ። ማጽዳቱ ሌላ ቀን፣ በቅጂው ላይ ይሠራል። ሌላው ምክሬ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ማሽኑ በራሱ እንዳያጸዳ አድርጊ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ትልቁ ማሽን የተሠራው ለደብዳቤ፣ ለውልና ለማኅተም ነው። ወረቀት ነጭ፣ ጽሑፍ ጥቁር ነው ብሎ ነው የሚነሳው። በመካከል ያየውን ፈዘዝ ያለ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ለትምህርት ማስረጃ ጥሩ ነው። ሥዕል ላይ ግን ፈዛዛው ነገር ራሱ ሥዕሉ ነው። የእርሳሱ ጥላ አለ፣ በውሃ የቀጠነው የጉንጭ ቀለም አለ፣ አባትሽ ፊቱን ከመሳላቸው በፊት ያሰመሩት ቀጭን መስመር አለ። ስለዚህ በሩ ላይ እንደቆምሽ ተናገሪ። ቅንብሩ «ቴክስት» ሳይሆን «ፎቶ» ይሁን። ባለ ቀለም ይሁን፣ ሥዕሉ ጥቁር ብቻ ቢሆንም እንኳ። ጀርባ የሚያነጣው ነገር ይጥፋ። ፒዲኤፍ አትቀበዪ፤ ቲፍ በሚባለው፣ ከሥዕሉ ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት አድርገው ይስጡሽ። «ቲፍ ምንድን ነው?» ካሉሽ ሰላም ብለሽ ውጪ።

እኔ የሆንኩትን ልንገርሽ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ተበታተኑ። ሰው ጠቁሞኝ እዚሁ መሀል ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ «ዲጂታል» የሚል ነገር በብዙ ቀለም ተለጥፏል። ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። የአባቴን ወረቀቶች ከእጄ ተቀበለና፣ መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ በማስቀመጥ ፋንታ ከላይ በሚጎትተው በኩል ደርድሮ ሰደዳቸው። አርባ ዓመት የቆየ ወረቀት ነው! ብራናውንም ሊያስከትል ሲል እጁን ያዝኩት።

«ፋዘር አትጨነቅ፣ ይሄ ማሽን የማይበላው ነገር የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ በላው። አንዱ ወረቀት ጥጉ ላይ ተጨማዶ ወጣ። ይሄ ግን ከኋላው ከመጣው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እሱ ቤት ስክሪን ላይ ሁሉም ነጭ ብሎ፣ ጥቁር ብሎ ያበራል። ፍላሽ ላይ ጭኖ ሰጠኝ፣ ከፈልኩ። ስልኬ ላይ ለቤተሰብ ላክሁት። ሁሉም «እንዴት ጠራ!» አለ። ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ሥዕሎቹ ለልጆች ተከፋፈሉ። ታላቅ እህቴ ድርሻዋን ይዛ ዋሽንግተን ተመለሰች። ታናሹ ሐዋሳ ወሰደ።

ከዚያ ዲዛይን የሚሠራልን ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ሲያጎላው ዝም አለ። የእመቤታችን ጉንጭ የለም። የአክሊለ ብርሃኑ ቢጫ ግማሹ ነጭ ሆኗል። አባቴ በእርሳስ ያሰመራቸው መስመሮች ድራሻቸው ጠፍቷል። የቀረውም መስመር ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ሁሉም 200 ዲፒአይ ነው፣ ሁሉም ፒዲኤፍ ውስጥ ታጭቋል።

ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ የለም፣ ባለቤቱ አለ። «ጥራት አላልክም? አጥርቼ ሰጠሁህ፣ ወረቀቱ ነጭ ወጣልህ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ «ድጋሚ ላንሳልህ፣ በግማሽ ዋጋ» አለ። ከየት ነው የሚያነሳው? ሥዕሉ አሜሪካ ነው! ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

2. ዲፒአይ። ይቺ አጭር ናት። በልኩ የሚታተም ከሆነ 300 ይበቃል፤ ግን ማን በልኩ ብቻ ያትማል? 600 አስደርጊው። በ600 የተነሳ ኤ4 ወረቀት 4960 በ7016 ነጥብ ይሆናል፤ ሳይታመቅ 100 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። እጥፍ አድርገሽ ብታትሚውም 300 ይቀርልሻል። የፖስታ ካርድ የምታክል ትንሽ ሥዕል ካለች እሷን 1200 አድርጊያት፤ በኋላ ግድግዳ ላይ ልስቀላት ማለትሽ አይቀርም።

3. ስካነሩ ራሱ። ሁለት ዓይነት አለ። ቀጭኑ፣ በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ የሚሠራው አለ። እሱ አጥርቶ የሚያየው መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው። ትንሽ ከፍ ያለውን ነገር ያደበዝዘዋል። ወፈር ያለው፣ እንደ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ያለው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያለውንም ያነሳል። ለወረቀት ሁለቱም ይሆናሉ። ብራና ግን የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፣ ሜዳ ሆኖ አይተኛልሽም። በበጋ ይጠቀለላል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። ቀጭኑ ስካነር ላይ ካስቀመጥሽው መሀሉ ይጠራና ዳሩ ይደበዝዛል። ክዳኑን በኃይል ልጫነው እንዳትዪ፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል። አንድ ዘመዳችን «ካውያ አሳርፉበት» ብሎ ነበር። ብራና ሙቀት ሲነካው እንደሚኮማተር ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

ብራናውን በካሜራ ማንሳት ይሻላል። ጥሩ ካሜራና መብራት ያለው አንድ መሥሪያ ቤት እንዳለ ሰማሁና ልጠይቅ ሄድኩ። የገዛ አባቴ ሥዕል ነው፣ በብድር እንኳ አይደለም፣ እከፍላለሁ ነው ያልኩት። ሴትየዋ ቀና ሳትል «የድጋፍ ደብዳቤ» አለችኝ። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል ማነው? «እሱን እዚያው ይነግሩሃል።» እዚያው የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ሻዩዋ መጣላትና መስኮቷን ዘጋች። ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ጊዜሽን እዚያ አትጨርሺ።

ግቢያችሁ ውስጥ ይሠራል። ክረምት ከሆነ እሰየው፤ የአዲስ አበባ ደመና የሚከራይ መብራት ያስንቃል፣ ጥላም ነጸብራቅም የለውም። ብራናውን ጥላ ሥር በጥቁር ካርቶን ላይ አስተኚው። ጥቁሩ ካርቶን የግድ ነው፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ በነጭ ላይ ስታስቀምጪው አልፎ ይታያል። ከጎኑ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይግባ፣ በኋላ ቀለሙን የምታስተካክዪው በእሱ ነው። ፍላሽ አይበራም። በስልክ ከሆነ ራቅ ብለሽ አጉልተሽ አንሺ፤ ተጠግተሽ ካነሳሽ ዳርና ዳሩ ይንጋደዳል። ሰነድ ስካን የሚያደርጉትን የስልክ መተግበሪያዎች ግን እንዳትሞክሪ። እነሱም የዚያ ልጅ ወንድሞች ናቸው፣ ሁሉን ነጭ ያደርጋሉ።

ለምን በጥቁር ቀለም የተሠራውንም በባለ ቀለም አንሺ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም፣ ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ በብዛት መነሳት ጀምረው ነበር። በሺዎች ተነስተዋል፣ ትልቅ ሥራ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ጽሑፉ ይነበባል፣ የሥዕሉን ቀለም ግን ከዚያ አታገኚውም። እነሱ በዘመኑ አቅም ነው የሠሩት። አንቺ ግን ባለ ቀለም ማንሳት እየቻልሽ ለምን ትተዪዋለሽ? ደግሞም ለማጽዳቱ ቀለሙ ያስፈልግሻል። ወደሱ ልምጣ።

ቁጥሩ ስንት ደርሶ ነበር? ይሁን፣ ማጽዳት ነው የቀረን። ለፎቶሾፕ ገንዘብ አታውጪ፣ ጂምፕ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። እኔ የተማርኩት ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው፣ መብራት ባለ ቀን። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ አስቀምጪና ቅጂውን ክፈቺ። «ሌቭልስ» የሚለውን የብርሃንና የጥቁረት ማስተካከያ አውጪ። ከግራፉ ሥር ሦስት ማዕዘን የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ነጯን ወደ ግራ ቀስ አድርገሽ ሳቢያት፣ ወረቀቱ ፈካ እስኪል። ፍጹም ነጭ እስኪሆን ግን አይደለም፤ የወረቀቱ ንጣት 255 የሚባለው ላይ ከደረሰ ፈዛዛው ቀለም አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ 245 አካባቢ ሲደርስ ቁሚ። ጥቁሯን ደግሞ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ መስመሩ እስኪጠቁር።

አሁን ማንም ያልነገረኝ ነገር። ቢጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ሥዕል ካለሽ፣ የፋይሉን ሦስት የቀለም ቻናሎች፣ ማለትም ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ንብርብር፣ ለያዪያቸው፤ ጂምፕ ላይ «ዲኮምፖዝ» ይለዋል። ሰማያዊውን ስታዪ ወረቀቱ እድፍ በእድፍ ነው። ቀዩን ስታዪ ግን ቢጫውም፣ የቡናው ጠብታም አብዛኛው የለም! ጥቁሩ መስመር ብቻ ቁጭ ብሏል። ቀዩን ወስደሽ ሥሪ። አንድ ቀን ሙሉ በብሩሽ የሚለቀመውን እድፍ በአንድ ጊዜ ያነሳልሻል። ይህን ሳገኝ ሌሊት ነበር፣ ሚስቴን ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም።

ብቻ ተጠንቀቂ። በቀይ ቀለም የተጻፈ ወይም የተሠመረ ነገር ካለ፣ በቀዩ ቻናል እሱም ይጠፋል። የአገራችን ሠዓሊ የቅዱሱን ስም በቀይ መጻፍ ይወዳል፤ አባትሽም ሳይጽፉ አይቀሩም። እንደዚያ ያለውን በዚህ መንገድ አትንኪው፣ በሌቭልስ ብቻ አስተካክዪው።

አቧራና የላጲስ ፍርፋሪ በ«ሂል» ብሩሽ ይለቀማል። አሰልቺ ነው፣ ሬዲዮ ክፈቺ። እዚህ ላይ ግን ወንድሜና እኔ ተጣልተናል። እሱ ሁሉም ይጥፋ ይላል፣ የጧፉ ጠብታ፣ የእርሳሱ መስመር፣ የጣት አሻራው። እኔ እንቢ አልኩ። አቧራው የስካነሩ ነው፣ ይውጣ። የጣት አሻራው የአባቴ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው በኔ ሐሳብ የወጣው ነው። አንድ የሥነ ጥበብ መምህር አይቶት «ይሄን ያጸዳው ባለሙያ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ደስ አለኝ።

ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ደግሞ በስልክ ስክሪን አትመኚ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ሲታተም ይደክማል። መጽሐፉ በሚታተምበት በዚያው ወረቀት አንድ ገጽ አትመው እንዲያሳዩሽ አድርጊ። «አያስፈልግም፣ እኛ እናውቃለን» ካሉሽ ከላይ ያልኩሽን ባለቤት አስታውሺ።

ፋይሉን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጊ፣ ሁለቱም አንድ ቤት አይቀመጡ። ዋናዎቹን ሥዕሎች ደግሞ ፋይሉን በትልቅ ስክሪን አጉልተሽ አንድ በአንድ ሳታዪ ለማንም እንዳታካፍዪ። እህት ወንድም ቢቆጣም ይቆጣ።

እህቴ ዋሽንግተን ያለውን ድርሻዋን በኋላ እዚያው በጥሩ ስካነር አስነስታ ላከችልኝ። 600 ዲፒአይ፣ ባለ ቀለም፣ ያልተነካ። ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ነው የላከችው። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ ሲባል አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ለስልክ እንጂ ለማተሚያ የማይሆን ሆነ። ያ ሁሉ ድካም! ደውዬ «በፋይል አድርጊው» ብዬ እንደገና አስላክኋት። አንቺም ለማንም ስትልኪ በፋይል ላኪ።