ልብ ከታየ ሥርዓቱ ለምን? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በምትሄድበት ቸርች ሰው ቡናውን ይዞ፣ ተቀምጦ ነው የሚያመልከው። እኛ ኦርቶዶክሶች ጾመን፣ ጫማ አውልቀን ረጅም ሰዓት እንቆማለን። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ደስታችንንስ አይወስድብንም?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ልብን ማየቱ እውነት ነው (1ኛ ሳሙ 16፥7)። አሁን ደግሞ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን አንብቢ። ዳዊት ታቦቱን በሠረገላ ጭኖ በበገናና በከበሮ ሲያመጣ በሬዎቹ ተደናቀፉ፤ ሠረገላውን ይነዳ የነበረው ዖዛ ታቦቱን በእጁ ቢይዝ ተቀሥፎ ሞተ። እጁን የዘረጋው ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ ነበር። ጥፋቱ ግን ከመነሻው ነው፤ ታቦት በሌዋውያን ትከሻ እንጂ በሠረገላ እንዲሄድ አልታዘዘም (ዘኍ 7፥9)። ዳዊትም ራሱ «እንደ ሥርዓቱ አልፈለግነውም» ሲል አመነ (1ኛ ዜና 15፥13)። ከሦስት ወር በኋላ በትከሻ አስይዞ ሲመለስ ነው በሙሉ ኃይሉ በእግዚአብሔር ፊት የዘፈነው። ሥርዓቱ ሲቃና ደስታው ጨመረ! በጥምቀት ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ ሕዝቡ በእልልታና በሽብሸባ ሲያጅበው የምታዪውም ይኸው ነው። ፍርሃትና ሐሴት አይጣሉም።

ጫማ ማውለቁ ለሙሴ ከተነገረው ነው (ዘጸ 3፥5)። ቡናውን በተመለከተ፣ ለመቁረብ 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምትቆርቢ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ውኃም አይቀመስም ማለት ነው። ሕመምተኛ ከሆንሽ ይህን ብቻሽን አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ቁመቱ የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሴውን ስለማንከታተል ነው። ዲያቆኑ ምን እንደሚያዝ አድምጪ፤ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጠ ይነሣል፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ፊት ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የግእዙና የአማርኛው ጽሑፍ ጎን ለጎን ያለበትን መጽሐፈ ቅዳሴ ይዘሽ የሕዝቡን ተሰጥኦ (ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰውን) በድምፅሽ መልሺ። በስልክ መከተል ግን ብዙዎችን አሰናክሏል፤ አንድ መልእክት ሲገባ ጸሎቱ ያመልጣል። ቪዲዮ መቅረጹማ ጨርሶ ይቅር።

ከቆረብሽ በኋላ በዚያ ቀን አትስገጂ። ጸበል ጠጥተሽ፣ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ቆዪ፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ብሎ ሳያሰናብት መውጣት ልክ አይደለም። ወደ መኪና ማቆሚያው መሮጥ በውጭ አገር የለመድነው ክፉ ልማድ ነው፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ቢቀመጡ ማንም አይገሥጻቸው። በኪራይ አዳራሽ የምትቀድሱ ከሆነ ወንበሮቹን ለእነርሱ ግራና ቀኝ ጥግ ላይ ደርድሩላቸው፤ መካከሉ ለሚቆመውና ለሚሰግደው ክፍት ይሁን። ወንበር አዳራሹን ከሞላው ጤነኛውም ይቀመጣል፣ ስግደትም ቦታ ያጣል።