ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ውዱ መላጫ አንገቴን ለምን አበላሸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዳማ ውስጥ ባንክ ቤት እሠራለሁ። መሥሪያ ቤታችን ጢም አይወድም። በየቀኑ ባይሆን እንኳ በየሁለት ቀኑ መላጨት አለብኝ። ችግሩ፣ በተላጨሁ ማግስት አንገቴንና አገጬ ሥር ትንንሽ እብጠት ይወርሰዋል። ያሳክካል፤ አንዳንዱ መግል ይይዛል፤ ሲድን ደግሞ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ወንድሜ ከአሜሪካ ባለ አምስት ምላጭ ጂሌት ከነመለዋወጫው ላከልኝ። ተገላገልኩ ስል ጭራሽ ባሰብኝ። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ «ኢንፌክሽን ነው» እያለ አልኮል ያርከፈክፍብኛል። ከፋርማሲ የገዛሁት ቅባት ደግሞ ለጥቂት ቀን አሻለኝና ተመልሶ መጣ። ምን ዓይነት ምላጭ ልግዛ? ከሰሞኑ ማጅራቴም ላይ ፍሬ ፍሬ ነገር ወጥቶብኛል። ግንኙነት ይኖረው ይሆን?
ብ. ከአዳማ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳላይዎት እርግጡን መናገር ባልችልም፣ የገለጹት ነገር የምላጭ ሽፍታ ይመስላል። በሕክምና ስሙ ሱዶፎሊኩላይትስ ባርቤ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። የላጩት ፀጉር ተመልሶ የራስዎን ቆዳ እየወጋ ነው።

ምክንያቱ ፀጉራችን ከርዳዳ መሆኑ ነው። ከርዳዳ ፀጉር የሚጠቀለለው ከላይ ብቻ አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚያድግበት ቀዳዳ ራሱ ጎባጣ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ቆዳው አጎንብሶ ነው የሚወጣው። ምላጭ ሲያልፍበት ጫፉ ይሾላል። አንድ ሁለት ቀን ሲያድግ ይታጠፍና አጠገቡ ያለውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውነት ደግሞ እዚያ የገባውን ፀጉር እንደ እሾህ ነው የሚያየው። ያብጥበታል፣ ያሳክከዋል፣ መግል ይቋጥርበታል። ለዚህ ነው ሉጫ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ብዙም የማያውቁት፣ ጥቁር ወንዶች ግን በየአገሩ የሚሰቃዩበት።

ፀጉር አስተካካይዎ «ኢንፌክሽን» ያለው ግማሽ እውነት አለው። ሲያክኩት ባክቴሪያ ሊገባበት ይችላል። መነሻው ግን ጀርም አይደለም። አልኮል የተቀበረ ፀጉር አያወጣም። ቆዳውን ያደርቃል፣ ያቃጥላል፣ በቃ። ሲያቃጥል «እየሠራ ነው» የሚባለውን ነገር ከየት እንዳመጣነው እንጃ።

አሁን ወደ ጂሌቱ እንምጣ። የወንድምዎ ስጦታ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ለእርስዎ ጢም ግን አልተመቸም። ባለ ሁለት ምላጭ መላጫ ጂሌት ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሦስት ምላጭ ያለው በ1998፣ አምስት ያለው ደግሞ በ2006 መጣ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው። የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ያዝ አድርጎ ከቀዳዳው ሳብ ያደርገዋል። ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ የኋለኛው ይደርስና ይቆርጠዋል። ከዚያ የቀረው ጉቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። እጅዎን ቢያሳልፉበት ምንም አይሻክርም። ያ ልስላሴ ነው ችግሩ። ከቆዳ በታች የተቆረጠ ከርዳዳ ፀጉር እንደገና ሲያድግ መውጫውን ይስትና የቀዳዳውን ግድግዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ውጭ ሳይታይ እዚያው ውስጥ ያብጣል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ላይ ክርክር አለ። በጥንቃቄ ከተላጩበት ባለ ብዙ ምላጩም ሽፍታውን አያባብስም ያሉ ጥናቶች አሉ። የመላጫ አምራች ገንዘብ ያለበትም አለ በመካከላቸው። እኔ ከባለ አንዱ ወገን ነኝ። ደግሞስ እርስዎ ሞክረውት ብሶብዎት የለ?

እንግዲህ ምን ይግዙ? የመጀመሪያ ምርጫዬ ምላጭ አይደለም፤ ቶንዶስ ነው። ለጢም የሚሆን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቶንዶስ ይግዙና ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያስቀሩ ይከርክሙ። ፀጉሩ ከቆዳ በላይ እስከቀረ ድረስ ከሥር ሊቀበር አይችልም። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ለሚያይዎ ደንበኛ የተላጨ ፊት ነው የሚመስለው። «ዜሮ» ላይ አድርገው ቆዳው ላይ ከተጫኑት ግን ከምላጭ አይሻልም። የኤሌክትሪክ መላጫም ካለዎት ሕጉ ያው ነው፤ አይጫኑት፣ አንዱን ቦታ ደጋግመው አይፈትጉት።

ምላጭ ግድ ከሆነ፣ የአባቶቻችንን ይዘው ይምጡ። ያ ብረት እጀታ ያለው፣ በሁለት በኩል የተሳለች አንዲት ስስ ምላጭ የሚጎርሰው መላጫ ነው። እንዲህ ያለው መላጫ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ ጂሌት የባለቤትነት መብቱን ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው አንድ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ፀጉሩን ጎትቶ ከሥር አይቆርጥም። ምላጯም ርካሽ ናት፤ ቶሎ ቶሎ ለመቀየር አይሳሱም። ያ ካልተገኘ ባለ አንድ ምላጭ የሚጣለው ፕላስቲክም ይሆናል። ሲገዙ ጫፉን ዞር አድርገው ይቁጠሩ፤ ብዙዎቹ ሁለት ናቸው። ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ በአንድ ምላጭ አይላጩ። መጎተት ከጀመረ ደግሞ ቁጥሩን ሳይጠብቁ ይጣሉት። የደነዘ ምላጭ ያስጫናል፤ መጫን ነው አንገት የሚያቆስለው።

ይሁንና ዛሬውኑ አዲስ ምላጭ ገዝተው አይጀምሩ። አሁን የተቆጣው ቆዳ መጀመሪያ ማረፍ አለበት። ሦስት አራት ሳምንት ምላጭ አያስነኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ሊብስብዎ ይችላል፤ የተቀበረው ፀጉር እዚያው እያደገ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ተመልሶ ይላጫል። ታገሡ። ፀጉሩ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ በራሱ ኃይል ተስፈንጥሮ ይወጣል። እስከዚያ ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ያኑሩበት። መስታወት ፊት ሲቆሙ እንደ ቀለበት የታጠፈ፣ ሁለቱም ጫፉ ቆዳ ውስጥ የገባ ፀጉር ካዩ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከሥሩ ገባ አድርገው ቀና ያድርጉት። ጫፉን ብቻ ነጻ ያውጡ። በወረንጦ መንቀል ግን የለም። የተነቀለው ነገ ከጥልቅ ተነስቶ ይመጣና ያንኑ ታሪክ ይደግማል።

ከዚያ በኋላ የሚላጩበት መንገድ ከምላጩ ዓይነት ባልተናነሰ ይወስናል። ገላዎን ታጥበው ሲጨርሱ ይላጩ። ውሃ የጠጣ ጢም ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥም ብዙ ጉልበት አይፈልግም። የልብስ ሳሙና ይተው። የመላጫ ክሬም ከተወደደብዎ የፀጉር ኮንዲሽነር እንኳ ይሠራል፤ የሚፈለገው የሚያንሸራትት ነገር ነው።

ከዚያ በጣትዎ ዳሰው ፀጉሩ ወዴት እንደተኛ ይወቁ። ጉንጭ ላይ ቁልቁል ነው። አንገት ላይ ግን ያታልላል፤ የአንዳንዱ ሰው ሽቅብ ያድጋል፣ የአንዳንዱ ወደ ጎን። ፀጉሩ ወደተኛበት ይላጩ፤ ገልብጠው አይላጩ። ያችን የለመድናትን፣ ቆዳን በግራ እጅ ወጥሮ ሽቅብ የመላጨት ነገር ይተዉአት። የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ጫፍ ይዞ ይገባል። አንዱን ቦታ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ሳይጫኑ። ትንሽ ሻካራ ቢቀር ይቅር፤ ያ የቀረው ነው አንገትዎን የሚያድነው። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡና ሽቶ የሌለው ቅባት ይቀቡ።

ቅባት ካልን፣ ከፋርማሲ የገዙትን ስም አልነገሩኝም። ቱቦውን አንስተው ይመልከቱ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ለጊዜው እብጠቱን ጭጭ ያሰኘዋል፤ ሲያቆሙት ይመለሳል። ለወራት ከተቀቡት የፊት ቆዳ ይሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሽፍታው ጭርት ከነበረም ተደብቆ ይስፋፋል። በጣም ሲያሳክክዎ ደካማው ሃይድሮኮርቲሶን 1% ለጥቂት ቀናት ብቻ ይፈቀዳል። መግል ለሚይዘው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% ወይም 5% ጄል በቀን አንዴ ስስ አድርገው ቢቀቡ ጥሩ ነው። ይህ ግን ጨርቅ ያነጣል። የባንክ ሸሚዝዎን ኮሌታና ባለቀለም የትራስ ልብስ ይጠንቀቁለት። ቤት ውስጥ የማይጠፋውን ቴትራሳይክሊን ቅባት አይልፉበት፤ የተቀበረ ፀጉር አያወጣም። ሎሚም ይቅርብዎ።

ጥቁር ነጥቡ ጠባሳ አይደለም። ቆዳ ሲቆጣ የሚተወው ቀለም ነው። አዲስ እብጠት ካቆመ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። እሱን ለማጥፋት የማቅያ ክሬም የገዙ ሰዎች ሌላ በሽታ ይዘው ሲመጡ አያለሁ።

ፀጉር የሚያራግፍ ክሬምስ? ይቻላል፤ ጫፉን እንደ ምላጭ አያሾለውም። ነገር ግን ቆዳ ያቃጥላል። መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ይሞክሩት፤ የቆሰለ ቦታ አያስነኩ፤ በሁለት አጠቃቀም መካከል ቢያንስ ሦስት ቀን ይለፍ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ሌዘር አለ። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ ሞገዱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ነው። ክሊኒክ ሲሄዱ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ሌላው ዓይነት ጥቁር ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።

ስለ ፀጉር ቤት አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠይቁኝም። ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት መቆየት ይችላል። ለዓይን የማይታይ የደም ጠብታ ይበቃዋል። ስለዚህ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። ቶንዶሱ መጀመሪያ ፀጉሩ ተራግፎ፣ ከዚያ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስለወጣ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው የራስዎን ቶንዶስና ምላጭ ይዘው መሄድ ነው። በዚያ ላይ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እርስዎ አልደረሱበትም። ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ይከተቡ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መርፌ ነው።

አሁን አለቃዎን ምን እናድርጋቸው? ይህ ስንፍና ሳይሆን የታወቀ የቆዳ ችግር መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ሐኪም ሊጽፍልዎ ይችላል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለዚህ ችግር እንዳይላጩ የሐኪም ወረቀት የያዙ ወታደሮች ለዓመታት ብዙ ነበሩ። ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው አገር አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ጢም የከለከለ ፒዛ ሻጭ ድርጅት በዚህ ሕመም ምክንያት መላጨት ለማይችሉ ሠራተኞች ክልከላውን እንዲያነሳ ወስኗል። ያ ፍርድ አዳማን አይገዛም። ቢሆንም «አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በየቀኑ ተከርክሞ» ብለው ቢጠይቁ እምቢ የሚል አለቃ ብዙ አይመስለኝም።

የማጅራትዎን ነገር በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቸል ብዬው አይደለም። ዘመዱ ይመስላል፤ አክኔ ኬሎይዳሊስ ይባላል። እሱም ከርዳዳ ፀጉር ባላቸው ወንዶች ላይ ይብሳል። ማጅራትን በምላጭ ማስጠረግና ኮሌታ የሚያደርገው መፈተግ ያባብሱታል። የአገጩ ሽፍታ መላጨት ሲቆም ይሻላል። ይኼ ግን ችላ ከተባለ ፍሬው ተያይዞ ጠንካራ ጠባሳ ይሆናል፤ ፀጉሩም እዚያ ቦታ ላይ ዳግም አይበቅልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማጅራትዎን በምላጭ አያስነኩ፤ ቶንዶሱም ከቆዳ ራቅ ይበል። ፍሬዎቹ ትንንሽ እያሉም የቆዳ ሐኪም ይይዎት። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል አንዱ አማራጭ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ አንገትዎ ካበጠ ወይም መግሉ ከጨመረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ እዚያው አዳማ ያለ ሐኪም ቤት ይሂዱ።