የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለ1000 ያርድ ዒላማ ስንት ፍጥነት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ሲሆን ጥይቴን ራሴ እየሞላሁ በኤፍ ክላስ የረጅም ርቀት ዒላማ ውድድር እሳተፋለሁ። ጠመንጃዬ .308 ዊንቸስተር የተባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው፤ 155 ግሬይን (10 ግራም ያህል) የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 884 ሜትር (2900 ጫማ) ያህል ፍጥነት ያስወጣል። እስካሁን የተወዳደርሁት በኒው ሜክሲኮ፣ ራቶን አቅራቢያ በሚገኘው የዊቲንግተን ማዕከል ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ካምፕ ፔሪ ለመሄድ አስቤአለሁ። ጓደኞቼ «ባሩድ ጨምረህ 3000 ጫማ ካላደረስኸው ነፋሱ ይጫወትብሃል» ይሉኛል። ልጨምር ወይስ ባለበት ልተወው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ባሩድ ከመጨመርዎ በፊት ፍጥነት በትክክል ምን እንደሚያስገኝልዎ በቁጥር ቢያዩት መልካም ነው። ጓደኞችዎ የሚያነሡት ነፋስ ሁላችንንም የሚያሳስብ ቢሆንም፣ በእርስዎ ጉዞ ረገድ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አረሩ 1000 ያርድ (914 ሜትር) ተጉዞ ዒላማው ሲደርስ አሁንም ከድምፅ ይፈጥናል ወይ የሚለው ነው።

የዊቲንግተን ማዕከል ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረሩን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት በመጠነኛ ፍጥነት የተሞላ 155 ግሬይን አረር እንኳ ሳይቸገር ዒላማው ይደርሳል። ካምፕ ፔሪ ግን በኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ወለል 200 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ያለ ሥፍራ ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በከፍታው ሳይሆን በአየሩ ሙቀት ሲሆን፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሴኮንድ 340 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 349 ሜትር ገደማ ይሆናል። አረር ወደዚህ ፍጥነት ሲቃረብ፣ በተለይ ከድምፅ ፍጥነት 1.2 እጥፍ በታች ሲወርድ፣ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ሥርጭት ይለዋወጥና ሚዛኑን የሚፈታተን ኃይል ያርፍበታል። በዚህ ጊዜ ቅርጹ ሁሉን ነገር ይወስናል። ለ300 ሜትር ውድድር ታስቦ የተሠራው የታወቀው 168 ግሬይን አረር፣ የኋላ ጫፉ በድንገት የሚጠብ በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ሥፍራ 1000 ያርድ ላይ እየተንገዳገደ ወረቀቱን በጎኑ እስከ መምታት ይደርሳል፤ ለረጅም ርቀት ተብለው የተቀረጹት አዳዲስ 155 ግሬይን አረሮች ግን ይህን ክልል በተሻለ ሁኔታ ያልፉታል። ስለዚህ የአረርዎን ዓይነት፣ የካምፕ ፔሪን ከፍታና የሚጠበቀውን ሙቀት በባሊስቲክ ማስሊያ (የአረርን ጉዞ በሚያሰላ ፕሮግራም) ውስጥ አስገብተው የመድረሻ ፍጥነቱን ያስሉ። ውጤቱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ጥቂት ትርፍ ካሳየዎ የፍጥነት ጥያቄው ዋና ክፍል ተመልሷል። ካላሳየዎ ደግሞ ባሩድ ከማብዛት ይልቅ ይበልጥ የሾለና አየር የማይገታውን አረር መምረጥ ይሻላል፤ አፈሙዙ ላይ ከጨመሩት ፍጥነት 1000 ያርድ ላይ የሚተርፍዎ ግማሹ ገደማ ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። የጎን ነፋስ አረርን ከመስመሩ የሚያወጣው አረሩ አየር ላይ በቆየበት ጠቅላላ ጊዜ ልክ ሳይሆን በዘገየበት ጊዜ ልክ ነው። የዘገየበት ጊዜ ማለት በእውነቱ በፈጀው ጊዜና አየር በሌለበት ቦታ ቢጓዝ ይፈጅ በነበረው ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለእርስዎ አረር ይህ ልዩነት በዝቅተኛ ሥፍራ፣ በ1000 ያርድ፣ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ስለሚሆን፣ በሴኮንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ ሙሉ የጎን ነፋስ አረሩን ከ2 ሜትር በላይ ይገፋዋል። በሴኮንድ 30 ሜትር ፍጥነት ቢጨምሩ ይህ ግፊት ከመቶ 5 ያህል፣ ማለትም 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱን አይተው ማነጣጠሪያዎን ስለሚያስተካክሉ ነጥብ የሚያሳጣዎ ጠቅላላው ግፊት ሳይሆን የተሳሳቱት ክፍል ብቻ ነው። ግምትዎ በሴኮንድ 0.9 ሜትር ቢሳሳት አረሩ ከመሐል 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጓደኞችዎ የሚመክሩት ተጨማሪ ፍጥነት ከዚህ ውስጥ የሚያድንልዎ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባንዲራውንና በቴሌስኮፕ የሚታየውን የአየር መርገብገብ ማንበብ የሚማር ተኳሽ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያተርፋል።

የኔ ጽኑ እምነት ፍጥነትን መምረጥ ማለት ከጥይት ጥይት የማይለዋወጥ ፍጥነትን መምረጥ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም ነፋስን ማንበብ ሲቻል አንዱ ጥይት ከሌላው መፍጠኑን ግን ከመተኮሱ በፊት ማንም ሊያውቅ አይችልም። በ1000 ያርድ የ3 ሜትር በሴኮንድ ልዩነት አረሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያዛውረዋል። በአሜሪካው የኤፍ ክላስ ዒላማ የመሐሉ ኤክስ ክብ ስፋት 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ የ10 ቁጥሩ ክብ ደግሞ 25.4 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ያስታውሱ። ጠመንጃውና ተኳሹ ብቻቸውን 5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የቁመት መደበኛ ልይይት (ተኩሶቹ ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) አላቸው እንበል። የጥይቱ ፍጥነት መደበኛ ልይይት 3 ሜትር በሴኮንድ ከሆነ፣ ሁለቱ ተደምረው (እንደ ተራ ቁጥር ሳይሆን በካሬያቸው) 8.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ልይይቱን ወደ 1.5 ቢያወርዱት ድምሩ ወደ 6.1 ይወርዳል፤ ይህ በነጥብ መዝገቡ ላይ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ነው። ከዚያም ወደ 0.75 ቢያወርዱት የሚያገኙት 5.3 ነውና ድካሙ ጥቅሙን መብለጥ ይጀምራል።

ይህ እኩልነት የሚገኘው ከአሞላል ነው። በ.308 ጥይት ውስጥ የ0.1 ግሬይን ባሩድ ልዩነት በሴኮንድ 2 ሜትር ገደማ ስለሚያመጣ ጥሩ ሚዛን ያስፈልጋል። ቀለሆቹም ከአንድ ምርት የተገኙ፣ እኩል ጊዜ የተተኮሱና አረሩን በእኩል ኃይል የሚይዝ አንገት ያላቸው ይሁኑ። ባሩዱ ቀለሁን ሊሞላ በተቃረበ ጊዜ አቃጣጠሉ ይበልጥ ተመሳሳይ እንደሚሆን ብዙ ሞካሪዎች ይስማማሉ፤ ይህ ግን የሞሊዎች መመሪያ መጽሐፍ ከሚፈቅደው ጣሪያ ለማለፍ ምክንያት አይሆንም። ጓደኞችዎ የሚሉት 3000 ጫማ በአንዳንድ በርሜልና ባሩድ ከዚያ ጣሪያ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በሌላው ግን አይገኝም። ከጣሪያው ከመቶ 10 ያህል ዝቅ ብለው ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ይውጡ፤ መቀርቀሪያው ሲከፈት ከከበደ፣ የቀለሁ ግርጌ የመጫን ምልክት ካሳየ ወይም ፕራይመሩ (በቀለሁ ግርጌ ያለው ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ከመጠን በላይ ከተደፈጠጠ እዚያው ቆመው ወደ ኋላ ይመለሱ። የፕራይመሩ ማስገቢያ ከጥቂት ተኩስ በኋላ መላላቱም የግፊት ብዛት ምስክር ነው። ማስገቢያው ላላም አልላላ፣ ውድድር ቀን ሙቀቱ ከፍ ሲል ያው ጥይት ቤት ከለኩት በላይ ግፊት እንደሚያመጣ መርሳት የለብንም።

ከተፈቀደው ክልል ውስጥ የትኛውን ፍጥነት እንደሚይዙ ሲወስኑ የመጨረሻው ፈራጅ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያው ሳይሆን በሩቁ ወረቀት ላይ የሚታየው የቁመት ስፋት ይሁን። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል፤ አፈሙዙ ሽቅብ በሚንቀሳቀስበት ቅጽበት ጥይቶች ከወጡ ዘግየት ያለው አረር ከፈጠነው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ በአንድ ርቀት ላይ ልዩነታቸው ይካካሳል። የእንግሊዞቹ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ በአጭር ርቀት ከሌሎች ሳይሻል በረጅም ርቀት የተመሰገነው በዚህ የተነሣ መሆኑ በእንግሊዝ አገር ባለው የተኩስ ውድድር ሥፍራ በቢስሊ ተኳሾች ዘንድ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። በ100 ያርድ ወረቀቱ ላይ ተቀራርቦ ያረፈ የተኩስ ቡድን በ1000 ያርድም ጠባብ ይሆናል ብሎ መደምደም ስለማይቻል፣ ከቻሉ ሁለት ሦስት ፍጥነቶችን ነፋስ በሌለበት ማለዳ በ1000 ያርድ ይሞክሯቸው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመድረሻ ፍጥነቱ እስካልጎደለ ድረስ የ2900 ጫማውን ጥይት ይዤ እሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ የጥይቴን ፍጥነት እኩልነት ለማወቅ ስንት ጥይት ልለካ? አምስት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከአምስት ተኩስ የተሰላ መደበኛ ልይይት 3 ሜትር ቢያሳይ እውነተኛው ልይይት ከ1.8 እስከ 8.6 ሜትር ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል (ከመቶ 95 እርግጠኝነት ጋር)። በአሥር ተኩስ ክልሉ ከ2.1 እስከ 5.5 ይጠባል፤ በሃያ ደግሞ ከ2.3 እስከ 4.4 ይሆናል። ባሩድን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ በየደረጃው አንድ ወይም ሁለት ጥይት ተኩሰው ፍጥነቱ «የማይጨምርበት ቦታ አገኘን» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ከዚህ የዕድል መዋዠቅ የመጣ ነው፤ ያው ሙከራ ሲደገም ቦታው ይጠፋል። ሃያውን ጥይት በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ በብርድም በሙቀትም ቀን ቢከፋፍሉት ባሩዱ ለሙቀት ያለውን ስሜት አብረው ያያሉ። ሲለኩም ሲወዳደሩም ጥይቶቹን ከፀሐይ ያስጠልሉ፤ በተደጋጋሚ ተኩስ በጋለ በርሜል ውስጥ ያጎረሱትን ጥይት ነፋስ እስኪረጋ በሚጠብቁበት ጊዜ ሁሉ አያቆዩት፤ ሊተኩሱ ሲሉ ብቻ ያጉርሱት።